የወንድሜ ክንድ ልክ

ሎኪ ከወንበሩ አይወርድም ነበር፤
ወገቡን ጠምዝዞ፣ እጁን እንደ መቅዘፊያ ወደ ኋላ ሰዶ
የላይኛውን ዘንግ በሁለት ጣት ሲያዞር፣
ጠጠሩ ሳያውቀው ምላጩ ቀና ይል፣ ደፋ ይል ነበር።

ትራክተሯን ተወልኝ፤ ክንዱን ግን ይዞት ሄደ።
እኔ ከእሱ ቁመት አንድ ክንድ ከስንዝር የጎደልኩ ሴት ነኝ፤
ወንበሩ ላይ ሆኜ ብንጠራራ፣ ብንጠራራ፣
ጣቴ የነካው ንፋስ ነው፤ ብረቱ ብቻውን በረደ።

በመጀመሪያው የበረዶ ወር መንገዱን ልጠርግ ወጣሁ።
ወረድኩ። አዞርኩ። ወጣሁ።
አሥር ሜትር ሳልሄድ ወደ ግራ አጋደለ።
ወረድኩ። አዞርኩ። ወጣሁ።
ከደጄ እስከ አስፋልቱ ሰባ አንድ ነው፤
የቆጠረውም ጉልበቴ ነው።

ሲድኒ ወረድኩ፣ መለዋወጫ ቤት። የኛዋ ሲድኒ፣ የኬፕ ብሬተኗ።
«ባለቤትዎ ስንት ኢንች ነው ያሉት?» ሲል ጠየቀኝ ሻጩ።
«ባለቤቷ እኔ ነኝ» አልኩት፤ ትራክተሯን ማለቴ ነው።
ቀላ ጆሮው፣ ቀላ ጉንጩ።

ሁለት ሲሊንደር፦ አንዱ በላይኛው ዘንግ ቦታ፣ አንዱ በቀኙ ማንጠልጠያ፤
አራት ቱቦ፣ ባለ ሁለት እጀታ ቫልቭ፣ አንድ ከረጢት ማጠባበቂያ።
ዋጋውን አልናገርም። የሎኪን ጀልባ ሸጬ ነው።
ቢሰማ የሚለውን አውቃለሁ፤
ሳይሰማ የሸጥኩት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ አልሲድ መጣ፣ የሸቲካምፑ በያጅ፣
ብረትን በፈረንሳይኛ የሚያባብል፣ ሰው ሲያናግር የሚቸግረው።
ፓራፋንጎው አጠገብ ቆመና «እጅሽን ዘርጊ» አለኝ።
ዘረጋሁ።
«አትንጠራሪ። ዝም ብለሽ፣ እንደሚመችሽ።»
መዳፌ ባረፈበት አየር ላይ፣ በጠመኔ፣
ብረቱ ገና ሳይኖር ቦታውን አሰመረው።

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው።
ከልብስ ሰፊ በቀር
ማን ለክቶኝ ያውቅ ነበር?

ሞተሩ ተነሳ። ቱቦው እንደ ነቃ እባብ ተወጠረ፣ ዘይቱ ሮጠ፤
ከአንዱ መጋጠሚያ ሥር ላብ የመሰለ ነገር ብልጭ ሲል አይቼ
ልዳስሰው እጄን ስሰድ፣
«ተይ!» አለ አልሲድ። ኪያቤው ከእጁ አመለጠ።
«ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያክል እንኳ ቆዳ በስቶ ይገባል፤
መጀመሪያ አያምሽም። ማታ ጣትሽን ያስቆርጥሻል።»
ካርቶን ቀደደ፤ በቱቦው ዳር ዳር ቀስ ብሎ አሳለፈው።
ደረቅ ነው። የቅድሙ ላብ፣ በእርግጥም ላብ ኖሯል፤ የራሱ፣ ከግንባሩ የነጠበ።

ከዚያ ወዲህ እኔም፣ ጎረቤት ስለ ሎኪ ሲያነሳብኝ፣
በባዶ እጄ አልነካውም፤
ካርቶን አስቀድማለሁ።

የመጀመሪያውን እጀታ ሳብኩ። ይረዝማል ያልኩት አጠረ።
አልሲድ ቱቦዎቹን አየ፣ እኔን አየ፤ ጺሙን አሻሸ፣ አፈረ።
«አቀያይሬዋለሁ» አለ። «ግን ምንም አይደል፤ ትለምጂዋለሽ።»
ጀምበር ልትጠልቅ ነው፤ እራቱ ይጠብቀዋል፤ ቡሎኑም ጠብቋል።
«አልሲድ» አልኩት፣ «እስከ ዛሬ የለመድኩት ይበቃል።
ፍታው።»
ፈታው።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲለቅ መንገዱ እንደ አሮጊት ጥርስ ሆነ፣
አንዱ ወጥቶ፣ አንዱ ገብቶ።
ከወንበሬ ሳልነሳ አንዱን እጀታ ስገፋ፣ ሌላውን ስስብ፣
ምላጩ በግራ ዝቅ፣ በቀኝ ከፍ፤
ጠጠሩ ተግቶ ተንከባለለ፣ ውኃውም ቦዩን አገኘ።
አስፋልቱ ጋ ስደርስ ጉልበቴ
«መቼ ነው የምንወርደው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስመለስ፣ ከወንዙ መታጠፊያ፣
ሎኪ በየዓመቱ ሳይነካ የሚያልፋት አንዲት ጉድባ አለች፤
ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁት።
ልሞላት እችል ነበር።
በሁለት ጣት እጀታውን ነካሁ፤ ምላጩ ወደ ኋላ ተጋደመ፣
ሳይነክሳት፣ ከላይዋ ተንሸራቶ አለፈ።